ከእናትሽ ጎን የተቀመጠው ሰው የት ሄደ?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ከተቀጠርሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እናቴ ድሮ ፋብሪካ ስትሠራ ጥፋት አለብሽ ተብላ ስትጠራ የሠራተኛ ማኅበሩ ሰው አብሯት ይገባ ነበር። እኔ ባለፈው ወር ከታርጌት በታች ሠራሽ ተብዬ ስጠራ ብቻዬን ገብቼ፣ በወጉ ያላነበብሁትን ወረቀት ፈርሜ ወጣሁ። ማኅበር እናቋቁም ስንል ኤች አሩ ‹የሠራተኛ ኮሚቴ አላችሁ፣ ይበቃችኋል› አለን። ስም መመዝገብ የጀመረችው ጓደኛዬ የሙከራ ጊዜዋ ሳያልቅ ተሰናበተች። ማኅበር የሚባለው ነገር ሞቷል? ሕጉስ ተሽሯል?»

አብሽሪ እህቴ። ሕጉ አልተሻረም። ማኅበርም አልሞተም፤ ታሟል ግን፣ ሕመሙም ሰዉ እንደሚያወራው አይደለም። ደሴና ኮምቦልቻ በሠራተኛ ጉዳይ ስሟገት ብዙ ዓመት ስላለፈኝ ከሥሩ ልንገርሽ። ይረዝምብሻል፣ ታገሺኝ።

ከወንበሩ ልጀምር። እናትሽ ስትጠየቅ ከጎኗ የነበረውን ሰው እዚያ ያስቀመጠው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ አንዳንድ ጠበቃም ጭምር። የዛሬውን አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ብታገላብጪ፣ ከእሱ በፊት የነበረውን የ1996ቱን አዋጅ ቁጥር 377ንም ብትጨምሪበት፣ «ሠራተኛ ለዲሲፕሊን ሲጠራ የማኅበር ተወካይ አብሮት ይግባ» የሚል አንቀጽ አታገኚም። አዋጁ የሚለው አሠሪው ያለማስጠንቀቂያ ሲያሰናብት ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ ይግለጽ ነው። ከስንብቱ በፊት ማን ይጠይቅሽ፣ ማን አብሮሽ ይቀመጥ፣ ክሱን መቼ ታንብቢው፣ ይህን ሁሉ ለሁለቱ ወገኖች ትቶታል።

ያ ሰው የመጣው ከኅብረት ስምምነት፣ ማኅበሩና አሠሪው ተደራድረው ከሚፈርሙት ውል ነው። በድሮዎቹ ትልልቅ ፋብሪካዎች ስምምነት ውስጥ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ይኖራል፤ ከአሠሪው ወገን ሰው፣ ከማኅበሩ ወገን ሰው፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ጸሐፊ። ክሱ በጽሑፍ ይሰጣል፣ ሠራተኛው መልስ ይሰጣል፣ ምስክር ካለው ይጠራል። የሥራ ልብሱ፣ ሳሙናው፣ ሰርቪሱ፣ ለቅሶ ሲደርስ የሚጨመረው ቀን፣ የሕክምና ወጪው፣ እናትሽ «ፋብሪካው ይሰጠን ነበር» የምትለው ሁሉ አብዛኛው የተጻፈው እዚያው ወረቀት ላይ ነው። ስምምነቱን የሚፈርመው ደግሞ የተመዘገበ ማኅበር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሰው የማያውቃት አንዲት ነገር አለች። የኅብረት ስምምነት ሌላ ጊዜ ካልተወሰነለት የሚጸናው ለ3 ዓመት ነው። ጊዜው ከማለቁ 3 ወር ቀደም ብሎ አዲስ ድርድር መጀመር አለበት፤ ካለቀ በኋላ ደግሞ በ3 ወር ውስጥ ድርድሩ ካልተቋጨ፣ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅምን የሚመለከተው ክፍል ይወድቃል። አንድ ፋብሪካ ላይ ይህ ሲሆን አይቻለሁ። ሊቀመንበሩ ለቆ አዲስ አበባ ሄደ፣ ጸሐፊው ሱፐርቫይዘር ሆነ፣ ገንዘብ ያዧ ወሊድ ላይ ነበረች። የድርድር ደብዳቤ የጻፈ የለም። ሠራተኛው የሰማው በወሩ መጨረሻ የትራንስፖርት አበሉ ከፔሮሉ ላይ ሲጠፋ ነው። ወደኔ ሲመጡ ጊዜው አልፎ ነበር። ያን ማኅበር ማንም አልዘጋውም፤ በሩ ክፍት እንደሆነ ሰው ጠፋበት።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ1979 ከ13 ሚሊዮን በላይ አባል ነበራቸው፤ ዛሬ ወደ ግማሽ ገደማ ወርደዋል። ግን እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሕጋቸው ለዲሲፕሊን የተጠራ ሠራተኛ የማኅበር ሰው ወይም የሥራ ባልደረባውን ይዞ የመግባት መብት ሰጥቶታል፣ አሠሪው ለማኅበሩ ዕውቅና ባይሰጥም እንኳ። አባሉ ሲመናመን ወንበሩ በሕግ ስለተቸነከረ ቀረ። የእኛ ወንበር ግን የቆመው በስምምነቱ ላይ ስለሆነ ማኅበሩ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። አንቺ ብቻሽን የቆምሽው ለዚህ ነው።

ለምን ሄደ? ሰዉ ሁሉ «መንግሥት ነው»፣ «ባለሀብቱ ነው» ይላል። እውነት አለበት። በ1955 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) በየካቲት 1966 ለአራት ቀን አገር ያቆመ አድማ ጠርቶ ነበር፤ በ1968 ደርግ ዘጋውና በ1969 የመላ ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበርን (መኢሠማን) በቦታው ተከለ። ከደርግ በኋላ የተነሣው የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም (ኢሠማኮ) በ1987 ምዝገባው ተሰርዞ በ1989 ነው እንደገና የቆመው። የማኅበር መሪ መሆን ራስን ለጣጣ ማቅረብ እንደሆነ ሦስት መንግሥት አስተምሮናል። የእናትሽ ትውልድም ማኅበሩን የወረሰው ከላይ ተዋቅሮ ነው፤ ፋብሪካ ስትቀጠሪ አባል ትሆኛለሽ፣ አለቀ። ያም ሆኖ ሠራተኛው አንድ ማሽን ላይ ሃያ ዓመት ይቆይ ስለነበር፣ ማኅበሩ ከላይ ቢወርድም ከታች ሥር አበጀ። የሰው ልጅ ሃያ ዓመት አብሮ ምሳ ከበላ ይተዋወቃል።

አሁን ያ የለም። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ሲመረቅ ከቃሉ፣ ከወረባቦ፣ ከአልብኮ፣ ከተሁለደሬ የመጡ ልጆች ለአራት ለአምስት እየሆኑ አንድ ክፍል ተከራይተው ገቡ። ደሞዙ የቤት ኪራይና ምግብ ችሎ ለቤተሰብ የሚተርፍ አልነበረም፤ ስለዚህ ስድስት ወር፣ ቢበዛ ዓመት ሠርቶ መልቀቅ ልማድ ሆነ። ዓረብ አገር የሄደችም አለች። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ፋብሪካዎች ተዘረፉ፣ ሠራተኛው ተበተነ፤ ከተሞቹ በኅዳር መጨረሻ ተለቀቁ፣ ወዲያው በታኅሣሥ ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ወጣች። ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ይሰፋ የነበረው ልብስ ገበያው ጠበበ። በዚህ መሀል ማኅበር ለማቋቋም የሚያስፈልገው አንድ ነገር፣ አብሮ የሚቆይ ሰው፣ ጠፋ። ዛሬ ከአጠገብሽ የምትሰፋው ልጅ በሚቀጥለው ሰኔ እዚያው መሆኗን እርግጠኛ ነሽ?

ጥበቃውና ጽዳቱ ደግሞ በኤጀንሲ በኩል ስለሚገባ አሠሪው ፋብሪካው አይደለም፣ ኤጀንሲው ነው። አንድ ግቢ ውስጥ እየዋለ የሌላ ሰው ሠራተኛ ሆነ። እነሱም ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ፣ ግን በኤጀንሲው ሥር እንጂ ከአንቺ ማኅበር ጋር ተቀላቅለው አይደለም።

እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማዝነው በራሳችን ጥፋት ነው። ስለ መዋጮው ላውራሽ። ሠራተኛው በጽሑፍ ከጠየቀ አሠሪው መዋጮውን ከደመወዝ ቆርጦ ወደ ማኅበሩ ሒሳብ ያስገባል፤ ሕጉ ይህን ያደረገው ማኅበሩን ሊያግዝ ነው። ምን ሆነ? መሪው ወደ አባሉ መሄድ አቆመ። ገንዘቡ በራሱ ይመጣላ! ቅሬሽን፣ ዕድርሽን ማለቴ ነው፣ ተመልከቺ። ወሎ ውስጥ ቅሬ የሌለው ሰው ማን አለ? ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በወር በወሩ ይሰበሰባል፣ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ድንኳኑና ድስቱ ይቆጠራል፣ ሰው ሲሞት ማን እንደቀበረና ማን እንደቀረ ይታወቃል። ሰብሳቢው ሒሳቡን ካላወራረደ እዚያው ፊት ለፊት ይነሣበታል። የቅሬ መዋጮ በፔሮል ተቆርጦ ባንክ ቢገባ ኖሮ እመኚኝ በሁለት ዓመት ውስጥ ቀብር የሚወጣ ሰው አይገኝም ነበር። ደንበኞቼን «የማኅበራችሁ ሊቀመንበር ማን ነው?» ስላቸው «እኔ አባል ነኝ እንዴ?» ያሉኝ አሉ። የደመወዝ ወረቀታቸውን አውጥተን ስናየው በየወሩ ይቆረጣል።

ወደ ኤች አሩ «ኮሚቴ» እንምጣ። ኮሚቴው መጥፎ ነው አልልም። የመጸዳጃ ቤት ውኃና የካፍቴሪያ ወጥ ማስተካከል ከቻለ ያስተካክል። ግን ኮሚቴ የተመዘገበ አካል አይደለም፣ የኅብረት ስምምነት አይፈርምም፣ የወል (የጋራ) የሥራ ክርክር አንሥቶ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ፊት አይቆምም። አባላቱን የመረጠው ማን እንደሆነ ደግሞ ራስሽ ታውቂዋለሽ። «አላችሁና አያስፈልግም» የሚለው ክርክር በሕግ ዋጋ የለውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የመደራጀት መብቱን የሰጠው ለሠራተኛው ነው። አሠሪው ይፍቀድ የሚል ቃል የለበትም፤ ለማኅበር ምዝገባ ከሚቀርቡ ሰነዶች ውስጥም የአሠሪ ፈቃድ የሚባል ወረቀት የለም።

አሁን ጓደኛሽ፤ ይህ ነገር ቀን እየቆጠረ ስለሆነ ልብ ብለሽ ስሚኝ። በአሁኑ አዋጅ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፣ ድሮ 45 ነበር። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ «ለሥራው አልተስማማም» ከተባለ ያለማስጠንቀቂያና ያለካሣ ሊሰናበት ይችላል። አሠሪዎች ይህችን በር ያውቋታል፤ ማደራጀት የጀመረን ሰው በዚያች በር ማስወጣት ቀላል ነው። ሆኖም አንቀጽ 26 የማኅበር አባል መሆንን፣ በማኅበር ሕጋዊ ሥራ መሳተፍንና አሠሪን መክሰስን ከሥራ ማሰናበቻ ምክንያት አያደርጋቸውም። አንቀጽ 14ም አሠሪው ሠራተኛውን ማኅበር እንዲገባ ወይም እንዳይገባ ማስገደድን ይከለክላል። በአንቀጽ 43 መሠረት በዚህ ምክንያት የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው ሊመለስ ይገባል፤ መመለስ ካልፈለገ ካሣ ይከፈለዋል።

ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። ደብዳቤው ላይ «በማኅበር ምክንያት» ብሎ የሚጽፍ ሞኝ የለም። ስለዚህ ቀኖቹን ደርድሩ፦ ስም መመዝገብ የጀመረችበት ቀን፣ ኤች አሩ ያናገራችሁ ቀን፣ የተሰናበተችበት ቀን። ከዚያ በፊት የሠራችበትን የታርጌት ወረቀት ፈልጉ፤ ባለፈው ሳምንት ከመቶ መቶ የሠራች ልጅ በድንገት «አልተስማማችም» ስትባል ዳኛ ይጠይቃል። በስልክ የተጻጻፋችሁትን አታጥፉ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ከስንብቱ ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ብዙ ጥሩ ክስ የሞተብኝ በዚህ ነው፤ ሰዉ ሽማግሌ ሲልክ፣ «ይቅርታ ጠይቂ ይመልሱሻል» ሲባል፣ ሦስት ወሩ ያልፋል። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት ደግሞ 6 ወር ነው። የዳኝነት ክፍያ ሠራተኛ አይከፍልም፤ ስለዚህ ገንዘብ የለኝም ብላ አትቅር።

እውነቱን ልንገርሽ፣ በሙከራ ጊዜ ላይ ያለን ክስ ማሸነፍ ከባድ ነው። አሸንፌያለሁ፣ ተሸንፌያለሁም። የተሸነፍሁት ይበልጣል።

ስለዚህ ማደራጀቱን ከሙከራ ሠራተኛ አትጀምሩ። 60 ቀናቸውን የጨረሱትን ፈልጉ። ሕጉ ማኅበር ሲመሠረት አባላቱ ከ10 አይነሱ ይላል። ግን መቶዎች በሚሠሩበት ፋብሪካ 10 ሰው ይዞ መውጣት ራስን ለዒላማ ማቆም ነው። እኔ የምመክረው ከእያንዳንዱ ላይን (የስፌት መስመር) ቢያንስ አንድ፣ ከእያንዳንዱ ሺፍት አንድ፣ ከእያንዳንዱ ሰርቪስ አውቶቡስ አንድ ሰው እስክትይዙ ዝም ብላችሁ እንድትቆጥሩ ነው። አብራችሁ የምትኖሩት ልጆች ምን ላይ እንደሚሠሩ አስቢ፤ አንድ ኪራይ ቤት ሦስት ላይን ሊያገናኝ ይችላል። ግቢ ውስጥ አትፈራረሙ። እሑድ ከሰዓት ቡና አፍሉ፣ አቦሉ ላይ ወሬ፣ ቶናው ላይ ቁም ነገር፣ በረካው ላይ ፊርማ። ስም የያዘው ወረቀት ደግሞ አንድ ሰው ቦርሳ ውስጥ ብቻ አይቀመጥ።

ቅደም ተከተሉን አትሳቱ፤ መጀመሪያ ተመዝገቡ፣ አሠሪውን በኋላ አናግሩ። ጓደኛሽ የተጎዳችው ይህን ገልብጣው ነው። የመተዳደሪያ ደንብ ረቂቅ፣ የመሪዎቹ ስም፣ አድራሻና ፊርማ፣ የማኅበሩ ስምና ዓርማ ይዛችሁ ድሮ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ወደምንለው መሥሪያ ቤት ትሄዳላችሁ፤ ሰነዱ ከተሟላ በ15 ቀን ውስጥ የምዝገባ ምስክር ወረቀት መስጠት አለበት። ማመልከቻው ላይ የገባበትን ቀን ማኅተም አስመቱ፣ ኮፒውን ያዙ። በኢሠማኮ ሥር የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳና የልብስ ስፌት ማኅበራትን ያቀፈ ኢንዱስትሪ ፌዴሬሽን አለ፤ የደንብ ናሙና ከእነሱ ውሰዱ፣ ከባዶ አትጻፉ።

አንድ ተንኮል ጠብቁ። ማኅበሩ እንደተመሠረተ ጎበዟን ልጅ «ላይን ሊደር አድርገንሻል፣ አሁን የሥራ መሪ ነሽ» ይሏታል። የሥራ መሪ ከአዋጁ ስለሚወጣ ከማኅበሩም ትወጣለች፣ እንኳን ደስ አለሽ ተብላ። ግን የሥራ መሪ የሚያሰኘው ስሙ ወይም ሁለት መቶ ብር ጭማሪው አይደለም፤ የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ሥልጣን መያዝ ነው። ላይን የምታስተባብር ልጅ ይህ ሥልጣን ከሌላት ሠራተኛ ናት።

ድርድር ስትጀምሩ ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን፤ ጥያቄው የደረሰው ወገን በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት። በመጀመሪያው ድርድር ምን ትጠይቁ በሚለው ላይ ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር አልስማማም። እነሱ ደመወዝ ይላሉ፤ ሰው የሚሰበሰበው ለደመወዝ ነው፣ ለወንበር ብሎ ማን ይፈርማል ይላሉ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም። እኔ ግን በመጀመሪያ ስምምነት ላይ ሦስት ነገር ብቻ ባገኝ ደስ ይለኛል፦ ክስ በጽሑፍ ይሰጥ፣ ለመልስ 2 ቀን ይኑር፣ ሠራተኛው ሲጠየቅ የማኅበር ሰው አብሮ ይቀመጥ። ይህ አሠሪውን ሳንቲም አያስወጣውም፤ ገበያው በጠበበበት ጊዜ ለደመወዝ «አልችልም» የሚል ሥራ አስኪያጅ ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት የለውም። ከዚያ በኋላ አንዲት ልጅ ተከሳ ገብታ ሳትሰናበት ስትወጣ ሰርቪሱ ውስጥ የሚወራው እሱ ነው። አባል የሚያመጣው ያ ወሬ ነው። የማኅበር መሪዎች ለድርድር፣ ለክርክርና ለስብሰባ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ እንዳላቸውም አትርሱ፤ ያለ ፍርሃት ጠይቁ።

መዋጮውን በፔሮል ብታስቆርጡም እንኳ በወር አንድ ጊዜ ስም እየጠራችሁ ሒሳብ አንብቡ። እናትሽ የቅሬ መዝገብ እንዴት እንደሚያዝ ታሳይሻለች።

በነገራችን ላይ ከደሴ መምህራንና ነርሶችም እየጠየቁኝ ነው። እናንተ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆናችሁ በዚህ አዋጅ አትተዳደሩም፤ የእናንተ ጉዳይ ሌላ መልስ ይፈልጋል።

አንቺ የፈረምሽው ወረቀት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን አይቀርም። ነገ ጠዋት ኮፒውን በጽሑፍ ጠይቂ፣ የጠየቅሽበትን ደብዳቤ ቅጂ ያዢ፣ ካልሰጡሽ የጠየቅሽበትን ቀንና የነበረውን ሰው ስም ማስታወሻሽ ላይ አስፍሪ። ጓደኛሽ ደግሞ የስንብት ደብዳቤዋን፣ የቅጥር ውሏን፣ የመጨረሻዎቹን የደመወዝ ወረቀቶችና ያን የታርጌት ሉህ ይዛ ትምጣ። ደብዳቤ ካልተሰጣት መታወቂያ ካርዷን የተቀበሏት ወይም በር ላይ ጥበቃው የመለሳት ቀን ይበቃል፤ ሦስት ወሩን ከዚያች ቀን እንቆጥራለን።